የሙሉነሽ ቋጠሮ

በሱዳን፣ በገዳሪፍ የእህል ገበያ የጆንያ አፍ እሰፋለሁ። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰሊጥ ይገባል፣ ይመዘናል፣ እኔ እሰፋለሁ፣ ጫኞቹ መኪና ላይ ያወጡታል። ስሜ ጓንጉል ነው፤ ገበያው ግን "ቁጡው ጓንጉል" ይለኛል፣ አልተሳሳቱም። ክር ሲበጠስብኝ ክሩን እሰድባለሁ፣ ክር የለም ከተባልኩ ደግሞ ባለሱቁን። አሁን ስለ ጎረቤቴ ስለ ሙሉነሽ ልናገር የተነሳሁትም ተናድጄ ነው። በማን እንደተናደድኩ እየቆየ ይገባችኋል።

መጀመሪያ ስለ ቋጠሮ ልንገራችሁ፣ ያለሱ ነገሩ አይያዝም። በእኛ ሥራ እያንዳንዱ ሰፊ የራሱ ቋጠሮ አለው። የጆንያውን አፍ ሰፍቶ ሲጨርስ ክሩን የሚያስርበት መንገድ ነው። አንዱ ሁለቴ ጠምዝዞ ያሳልፋል፣ ሌላው ጫፉን አጥፎ ይቀብራል። ጆንያው ፖርት ሱዳን ደርሶ በሰሊጡ ውስጥ አሸዋ ቢገኝ ነጋዴው ብዙ አይመራመርም። ቋጠሮውን አይቶ "ይሄ የእገሌ ነው" ይላል፣ እገሌም ከዚያ ወዲያ ሥራ አያገኝም። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ጫማ ይዋሳል፣ ጋቢ ይዋሳል፣ ቋጠሮ አይዋስም።

ሙሉነሽ ከቋራ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ መጥታ እዚሁ የቀረች ሴት ናት። ባሏ ሊቢያ ደርሼ ልመለስ ብሎ ከወጣ ወሬው የለም። አሥራ ስድስት ዓመት መኽዘን ውስጥ ሰሊጥ ስታበጥር ኖረች፤ መኽዘን የምንለው የእህል መጋዘኑን ነው። ሥራ በቀዘቀዘ ጊዜ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታየኝ የጆንያ መርፌ ሰጠኋትና መስፋት አስተማርኳት። በሳምንቱ የራሷን ቋጠሮ አወጣች፦ ሦስት ዙር ወደ ቀኝ፣ ጫፉ ከሥር ይገባል፣ የሚተርፈው ክር የአንድ ጥፍር ያህል ነው። ቆንጆ ቋጠሮ ነበር። እኔ ሰው አላመሰግንም፣ እሷን ግን "ከእኔ ይሻላል" አልኳት።

ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። በአጥሩ መካከል አንድ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ከፍተን፣ ጨው ሲያልቅ ልጇ በዚያ ትመጣለች፣ ውሃ ሲያልቅብኝ እኔ በዚያ እሄዳለሁ። ልጅቷ ሶሊያና ናት፤ እዚሁ ተወልዳ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። የሶሊያና ክርስትና እናት ደግሞ ታናሽ እህቴ ፍቅርአዲስ ናት። አበልጅ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ አልነግረውም። ለማያውቅ ግን፣ አበልጅ አይካካድም፣ አይካሰስም፣ አንዱ የአንዱን ነውር በአደባባይ አያወጣም።

ሙሉነሽን የሰሊጥ አቧራ ያዛት። ደረቅ ሳል ነበር፣ ከአጥሩ ማዶ ስትስል የእኔ ጎን ያመኛል። ሐኪሙ ከአቧራ ካልወጣሽ ሳንባሽ አይቆይም አላት። "በሰሊጥ አገር አቧራ የሌለበት እንጀራ ከየት ይምጣ ዶክተር?" ብላው ስቃ ወጣች። እኔ ስትነግረኝ አልሳቅኩም።

እንጀራው በጆንያ ተጭኖ ከካርቱም መጣ። ጦርነቱ ካርቱምን ሲያምሳት ሰው ሁሉ ወደ እኛ ፈሰሰ፤ ከመጡት አንዱ አብዱልናስር የሚባል የመጫወቻ ነጋዴ ነበር። ሱቁ ሙሉ የሚገጣጠም መጫወቻ ነበረው አሉ። ሳጥኑ ላይ የቴሌቪዥን ተከታታይ ወይም የፊልም ሥዕል አለ፣ ውስጡ የበቆሎ ፍሬ የሚያክል፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል የፕላስቲክ ጡብ ነው፤ ልጁ በመጽሐፉ እየተመራ ፊልሙ ላይ ያየውን ይሠራል። አብዱልናስር ሰባ ሳጥን ይዞ ነበር የወጣው። በየኬላው ታጣቂዎች ወርቅ ፍለጋ ሳጥኑን በጩቤ እየቀደዱ መሬት ላይ ዘረገፉበት። እሱም የፈሰሰውን ሁሉ በአካፋ እያፈሰ ዘጠኝ ሸዋል ሞላ፤ ሸዋል ጆንያ ማለት ነው። የሰባ ሳጥን ፍሬ ተደባልቆ ገዳሪፍ ገባ።

ገበያ መጥቶ "ይህን የሚለይልኝ ሰው አለ?" ብሎ ሲጠይቅ ጫኞቹ ሳቁበት። እኔ ነኝ "ሰሊጥ ከጠጠር የለየች ሴት አለች" ያልኩት። ይህን አስታውሱልኝ፣ ወደ ሥራው የላክኋት እኔ ነኝ።

ሙሉነሽ ሦስት ወንፊትና አንድ ሰፌድ ይዛ ሄደች። አብዱልናስር ወንፊቱን ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እሷ ግን መጀመሪያ በትልቁ ዓይን ወንፊት፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ መጨረሻ በደቃቁ አወረደችው፤ ከዚያ ሰፌድ ላይ በቀለም በቀለም ለቀመችው። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ዘጠኙ ሸዋል ሁለት መቶ ትንንሽ ክምር ሆነ። ጡቡን "ፍሬ" ትለዋለች፣ እንደ ሰሊጡ።

ከዚያ መጽሐፎቹን አገኘች። ሙሉነሽ ቁጥር ታውቃለች እንጂ ፊደል አልቆጠረችም። መጽሐፎቹ ላይ ደግሞ ፊደል የሚባል የለም፤ ሥዕል፣ ቀስትና ቁጥር ብቻ። የመጨረሻው ገጽ ላይ እያንዳንዱ ፍሬ ተሥሎ ስንት እንደሆነ ተጽፎበታል። ያን ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣችና መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘረጋችው።

"አያ ጓንጉል፣ ይህን የጻፈው ሰውዬ ያልተማረ መሆን አለበት" አለችኝ። "እንደኔ ላለ ሰው አዝኖ ነው የጻፈው። ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት እኮ!"

ፊልሙን አይታው አታውቅም። ሶሊያና ናት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዐረብኛ፣ የምትተርክላት። አብዛኛው ሳጥን በዐረብኛ ተተርጉሞ ከሚታይ አንድ ተከታታይ የተወሰደ ነው፤ ስለ አንዲት የጠፈር መርከብ ነው። መርከቧ ካፒቴን አላት፣ አንድ እጁ ላይ ቀይ ጓንት ያደርጋል። መርከቧ ስትመታ ተሳፋሪ ሁሉ ሳይወርድ እሱ አይወርድም። ሙሉነሽ ይሄን ስትሰማ ሥራዋን አቆመች።

"አንድም ሰው ሳይቀር?"

"ዋላ ዋሒድ፣ እማ። አንድም።"

"እንዲህ ያለ ሰው ፊልም ውስጥ ነው ያለው" አለችና ካፒቴኑን አንስታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። የአውራ ጣት ጫፍ አያክልም።

ከሰባው ሳጥን አምሳ ሁለቱን ሞላች። የቀሩትን "አንድ ፍሬ ከጎደለ አይታሰርም" ብላ ለብቻ አስቀመጠች፤ አብዱልናስር "ማን ያውቅብናል?" ቢላት እንኳ እምቢ አለች። ሙሉውን ሳጥን በጆንያ ክር አስራ ቋጠሮዋን አሰረችበት። ከካርቱም የተፈናቀሉ እናቶች መጀመሪያ አላመኑም፣ አንዷ ገዝታ ልጇ መርከቡን ሠርቶ ሲጨርስ ጎረቤቷን ላከች። ወር ሳይሞላ ሰው አብዱልናስር እዚህ ወደ ከፈተው ሱቅ መጥቶ "አቡ ዑቅዳ" ይል ጀመር፣ ባለ ቋጠሮውን ስጡኝ ማለት ነው። የከተማው ሌላ ነጋዴም የተቀደደ ዕቃውን ለአብዱልናስር ያመጣለት ጀመር። አብዱልናስር ጥላ ያለው፣ ወለሉ ስሚንቶ የሆነ ክፍል ተከራየና "ይህ ቦታ የአንቺ ነው፣ ያ ሙሉ" አላት፤ "ያ" የዐረብኛ መጥሪያ ነው። በሦስት ወር ሳሏ ጠፋ። ማለዳ ከአጥሩ ማዶ ጸጥ ሲል፣ የሞተች መስሎኝ አንድ ቀን ዘልዬ ሄጃለሁ። ገላዋን እየታጠበች ነበር፤ የውሃ ጣሳ ወርውራብኝ አባረረችኝ።

ሥራ ሲበዛ ፍቅርአዲስን አስገባቻት። ማንም አልለመናትም፣ እኔም። "አበልጄ ጠራራ ላይ ስትውል እኔ ጥላ ውስጥ እቀመጣለሁ?" አለች። እህቴ እጇ ፈጣን ነው፣ ግራኝ ናት። ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲለቅሙ ይውላሉ።

ዒድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሙሉነሽን ወባ ጣላት። የታዘዘ ሳጥን ተከምሯል። አልጋዋ ላይ ሆና ፍቅርአዲስን አስጠራችና ክር ይዛ ቋጠሮዋን ታስተምራት ጀመር። እኔ ውሃ ይዤ ገብቼ ነበር።

"ምን እያደረግሽ ነው? ቋጠሮ አይዋስም!" አልኩ።

"ለማን አዋስኩት? አበልጄ ናት እኮ" አለች፣ ጥርሷ በብርድ እየተንገጫገጨ። "ልጄን ከማጥመቂያው የተቀበለች እጅ ናት። በዚህች እጅ ያላመንኩ በማን ልመን?"

ፍቅርአዲስ ሳቀች። "ወንድም ጋሼ የሚቆጣው ካጣ ግድግዳ ይቆጣል" አለች። እኔም ሳቅኩ። ሦስታችንም ሳቅን።

ዒድ ባለፈ በአራተኛው ቀን ራሒማ የምትባል ከካርቱም የመጣች አስተማሪ ሳጥን ይዛ ሱቁ መጣች። ልጇ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብሎ መርከቡን ሠርቷል፣ ሁሉም አለ፣ የካፒቴኑ ወንበር ግን ባዶ ነው። ራሒማ ሳትጮህ ነው የተናገረችው። "ይህ ልጅ ቤቱን ጥሎ መጥቷል፣ አባቱን ጥሎ መጥቷል። በዒድ ቀን ካፒቴኑን ሳጥን ውስጥ ሲፈልግ ዋለ" አለች። ከሰዓት ሌሎች መጡ። በማግስቱ አሥራ አራት ሳጥን ሆነ፤ አሥራ አራቱም ካፒቴን የላቸውም። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ደግሞ አንድ አዟሪ ባለ ቀይ ጓንቱን ካፒቴን ለብቻው ሲሸጥ ታየ። ልጆች ከመርከቡ ይልቅ ለካፒቴኑ ነው የሚያለቅሱት፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ነው ያወጣው።

አብዱልናስር እኔንም አስጠራኝ። ስደርስ ሳጥኖቹ ወለሉ ላይ ተደርድረዋል፤ እናቶቹ ክሩን በመቀስ ስለቆረጡት ቋጠሮው እንዳለ ነው። ራሒማና ሌሎች እናቶች በር ላይ ቆመዋል። ሙሉነሽ ከወባው ገና መነሳቷ ነበር፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ፍቅርአዲስ ከኋላዋ ናት።

"ያ ሙሉ፣ አንቺ ነሽ ያሰርሽው?" አላት አብዱልናስር።

ሙሉነሽ አንዱን አነሳች፣ ወደ ብርሃን አስጠጋችው። ብዙ አልቆየችም። "ቋጠሮው የእኔ ነው፤ እጁ የእኔ አይደለም" አለች።

"ታዲያ የማን እጅ ነው?"

ዞራ ፍቅርአዲስን አየቻት። ስም አልጠራችም። አበልጅ አይከሰስም ብያችኋለሁ፤ ራሷ እንድትናገር ዕድል መስጠቷ ነበር። እህቴም ተናገረች።

"እኔ ቋጠሮ አላውቅም ሐጂ። እኔ ለቃሚ ነኝ። የምታስረው እሷ ናት፣ ወላሂ" አለች። ክርስቲያን ሆና በወላሂ ማለች።

ሙሉነሽ አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞረች፣ ፊቷም ቀለል ያለው መሰለኝ።

"አያ ጓንጉል ይፍረድ" አለች። "መስፋት ያስተማረኝ እሱ ነው። አይቶ ይናገር፣ እሱ ያለውን እቀበላለሁ።"

አብዱልናስር ቋጠሮውን እጄ ላይ አስቀመጠው። ማየትም አያስፈልገኝም ነበር፣ በጣቴ ብቻ አውቀዋለሁ። ሦስት ዙር ነው፣ ጫፉ ከሥር ገብቷል፣ ወደ ግራ ግን ነው የዞረው። የግራኝ እጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ጆንያ የሰፋ ሰው ቀርቶ አንድ ክረምት የሰፋ ያውቀዋል። ደግሞም ሲዋዋሱት በዓይኔ አይቻለሁ። ቀና ስል እህቴ እያየችኝ ነው። ትንሽ ሆና ወንዝ ዳር እባብ ያየች ቀን እንዲሁ ነበር ያየችኝ።

"የሙሉነሽ ነው" አልኩ።

አሁን ንገሩኝ፣ ቁጣዬ ያን ቀን የት ነበር? ክር የሚሰድበው፣ ግድግዳ የሚቆጣው ሰውዬ የት ገባ? እህቴ ናት ብዬ ነው። ሁለት ልጆች አሏት ብዬ ነው። ሙሉነሽ ጠንካራ ናት ትችለዋለች ብዬም ነው፤ ሰው ሁሌ ሸክሙን የሚጭነው በሚችለው ላይ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፣ መቺው እኔ ነበርኩ።

አብዱልናስር ክፉ ሰው አይደለም። "አምኜሽ ነበር እኮ" አላት። እሷ ወንፊቶቿን ሰብስባ ሰፌዷን በራሷ ላይ ገልብጣ ወጣች። በሩን ስታልፍ ራሒማ መንገድ ለቀቀችላት፣ ፊቷን ግን አዞረችባት። ሙሉነሽን ከሁሉም በላይ የጎዳት ይሄ ይመስለኛል፤ እኔን ግን ዞራ እንኳ አላየችኝም።

ከዚያ ሮጬ እህቴ ቤት ሄድኩ። በወተት ቆርቆሮ ውስጥ አምስት ካፒቴን ቀርቶ ነበር፣ ቀይ ጓንታቸውን እንዳደረጉ። ያን ጊዜ ቁጣዬ መጣ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮህኩ፣ ቆርቆሮውን ግድግዳ ላይ ፈጠፈጥኩት።

"ለምን?" አልኳት።

"ሁሉም ሙሉነሽ ሙሉነሽ ይላል" አለች እያለቀሰች። "እኔም እዚያው ነው የምቀመጠው። አቡ ዑቅዳ ሲሉ አንድ ቀን እንኳ ወደ እኔ ያየ የለም። ደግሞ አንተ ራስህ የእሷ ነው አልክ፤ አሁን ምን አስጮኸህ?"

ካፒቴኖቹን ከወለሉ ለቅሜ ለራሒማ ልጅ አንዱን በሰው ላክሁለት፣ ከማን እንደሆነ እንዳይነገር አደራ ብዬ። ፈሪ ሲጸጽተው እንኳ በሰው እጅ ነው።

ፍቅርአዲስ ዛሬም እዚያ ክፍል ውስጥ ናት። አብዱልናስር ቦታውን ሰጣት። ሳጥኑን አሁን በክር አያስሩትም፣ በፕላስተር ያሽጉታል፤ ሰውም ከመግዛቱ በፊት ከፍቶ ይቆጥራል። ሙሉነሽ ወደ መኽዘን ተመለሰች። መስፋት የሚሰጣት አጣች፣ ወሬው ገበያው ደርሷልና፤ የቀራት ማበጠር ነው፣ አቧራው ያለበት። ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ ማለዳ ከአጥሩ ማዶ ሳሏን ሰማሁ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ሰው ስለ ፈረሱ አያስብም። ፈረሱ እኔ ነኝ፣ ጆሮዬ ደግሞ ይሰማል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ ስጠብቅ ሦስት ወር ሆነኝ። ራሴን ሳላታልል፣ እኔ ካልተናገርኩ የሚጠራው በምንድን ነው? ሁለቴ ወደ አብዱልናስር ሱቅ ሄጃለሁ። ሁለቴም በር ላይ ደርሼ፣ እህቴ ከውስጥ "ወንድም ጋሼ፣ ግባ" ስትለኝ፣ ሰላም ብዬ ተመልሻለሁ።

ትናንት ከሰዓት ቁጭ ብዬ ክር ስጠመዝዝ ሶሊያና መጣች። በግቢው በር ነው የገባችው። በመዳፏ የጆንያ መርፌ ይዛለች፣ ያኔ እኔ ለእናቷ የሰጠኋትን፣ ዓይኑ ላይ ክር ታስሮበታል።

"እማ ናት የላከችኝ። መርፌውን መልሺለት አለች" አለችኝ። ከዚያ "ይሄ የታሰረው የማን እንደሆነም ይንገርሽ ብላለች" አለች።

መርፌውን ተቀበልኩ። ሦስት ዙር ወደ ቀኝ፣ ጫፉ ከሥር ገብቷል፣ የተረፈው ክር የአንድ ጥፍር ያህል ነው።

"የሙሉነሽ ነው" አልኩ።

ልጅቷ ዓይኔን እያየች ራሷን ነቀነቀች።

"ያን ቀንም እንዲህ ነው ያሉት፣ ያ አባባ" አለችኝ።

በአጥሩ ቀዳዳ ልታልፍ ነው ብዬ ቦታ ለቀቅኩላት። እሷ ግን ወደ መጣችበት ዞራ በግቢው በር ወጣች፣ መንገዱን ዞራ ቤቷ ገባች። ቀዳዳውን ዛሬ ማለዳ አየሁት፤ ከወዲያ በኩል በእሾህ ተደፍኗል።